የየትኛው ይርጋ ልጅ?

ጎሚስታው ተስፋነህ የሴትን አገር ከአፏ ያውቃል እየተባለ በደብረ ታቦር ይወራ ነበር። ወሬው ደግሞ ውሸት አልነበረም። አስፋልቱ ገና ሳይመጣ፣ ጠጠር መንገዱ ጎማ እንደ ቆሎ በሚቆረጥምበት ዘመን፣ ጎማ የተነፈሰበት አውቶቡስ ደጁ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሲወርድ እሱ ከሥራው ቀና አይልም። ጆሮውን ብቻ ይጥላል። አንዷ «ምነው ወንድምዬ፣ መሸብንኮ!» ካለች «ምን ያስቸኩልሻል የስማዳዋ? የሚጠብቅሽ ባል ቢኖር ይህን ያህል አትቆጭም ነበር» ይላታል። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። «ስማዳ መሆኔን ማን ነገረህ?» «ምላስሽ ነዋ!» ከዚያ ሌላዋ «እኔስ?» ትላለች፤ «ደራ» ይላታል። ያችኛዋን ደግሞ «እብናት»። ከአሥር ዘጠኙን ይመታል።

ለየአገሩ ሴት የተዘጋጀ ነገር ነበረው። የፎገራዋ ባሏን ሩዝ አጥግባ አስተኝታ የልቧን ትሠራለች። የሊቦዋ ጣራ ገዳም ልሳለም ብላ ወጥታ ገበያ ዞራ ትመለሳለች። የጋይንቷ በጉና ብርድ ስላደገች ልቧ እስኪሞቅ ሦስት ክረምት ይፈጃል፤ ከሞቀ ግን የሚያበርደው የለም። ሴቶቹም ዝም አይሉትም፤ «አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?» ብለው ይይዙታል። ወንድ ሁሉ አገሩን ሲጠየቅ ደረቱን በሚነፋበት አገር፣ ተስፋነህ እጁን በቡትቶ እየጠረገ «እኔ የሚስቴ አገር ሰው ነኝ። እሷን ሳገኝ አገሬን እነግራችኋለሁ» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ፤ በሳቁ መሀል ጥያቄው ይረሳል። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

አገሩን አያውቅማ! ያደገው እስቴ ነው፤ ይህን ያውቃል። አባቱ ይርጋ ይባላል፤ ይህንንም ያውቃል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው አባቱን ንዳድ ገደለው፤ እናቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሞተች፤ እሱም በአሥራ አምስት ዓመቱ በእግሩ ደብረ ታቦር ገባ። አባቱ እስቴ ከየት እንደ መጣ፣ አያቱ ማን እንደ ነበር የነገረው ሰው የለም። እኩዮቹ አባት ከነአያት እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እሱ «ተስፋነህ፣ ይርጋ» ብሎ ይቆማል። የሰውን አገር የሚለየው ሰው የራሱን አለማወቁ ያሳፍረው ነበርና በጨዋታ ሸፈነው። ሲሸፍነው ሃያ ዓመት ኖረ።

ከጎማ ቤቱ ጎን የደሳለች ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ ቤት ማለት አራት አግዳሚ፣ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያና ቅቅል ድንች በዳጣ ነው። ደሳለች ከጉና ተራራ ሥር ያለችው የገሳይ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። ልጅ አልወለደችም። ሻይ ቤቷን በከፈተች ቀን የእጇን ጭቃ ልትታጠብ ወደ ተስፋነህ መጥታ «ውሃ አለህ?» አለችው።

«ገሳይ» አለ፤ ቀና ሳይል።

«ልክ ነህ። አንተ ደግሞ እስቴ ያደግህ ነህ። ሳቅህ ግን የእስቴ ሰው ሳቅ አይደለም።»

ያን ቀን ተስፋነህ ከጎማው ቀና አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት እሱን የገመተ ሰው አልነበረም። ቀይ፣ ረዘም ያለች፣ ጥርሷ በትንሹ ፍንጭት የሆነ ሴት እጇን ዘርግታ ውሃ ትጠብቃለች። ውሃውን አፈሰሰላትና ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውዬው አለቀለት።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ እሱ ከጎማ ቤቱ፣ እሷ ከሻይ ቤቷ፣ ተሳፋሪው ደግሞ መሀል ሆኖ እየሳቀ።

«አንች የገሳይ ልጅ፣ ሻይሽ በረደ እኮ!»

«ፊትህን አይቶ ነው የበረደው።»

«እንግዲያ ፊቴን የሚያሞቅልኝ ፈልጊልኝ።»

«እስቴ ሂድና ፈልግ። የእኛ አገር ሴት ለአፈኛ አትዳርም።»

«ለማን ነው የምትዳረው?»

«ለሚያርስ፣ ለሚቀድስ፣ ለሚያስተምር።»

«እኔስ ለሞተ ጎማ ነፍስ እዘራለሁ። ከሚቀድሰው በምን አነስኩ?»

ተሳፋሪው በሳቅ ይፈርሳል። ማዶ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ የሚሸጠው ሁሴን «እናንተ ሰዎች፣ ተጋቡና እኛም እንረፍ!» እያለ ይጮህባቸዋል። ተስፋነህ ግን ማታ ማታ ብቻውን ሲቀመጥ አንዲት አጭር ነገር ይለማመድ ነበር፤ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ ይላል፤ ጠዋት ሲሆን ከአፉ የሚወጣው ያው ቀልድ ነው። አንድ ቀን ጨክኖ «ደሳለች፣ እወድሻለሁ» አላት፤ ድፍን አውቶቡስ አጨበጨበ። እሷም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች «ዛሬ ስንተኛዋ ነኝ?» ብላ ሳቀች። ተስፋነህ አብሮ ሳቀና ወደ ጎማው ተመለሰ። ማስቲሹን በተቀደደው ላይ ሊቀባ ሲል ጣቶቹ ላይ አፈሰሰው።

በስድስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ የደሳለች እናት እማማ አሰለፈች ለዓይናቸው ሕክምና ከገሳይ መጡ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ሰውን በጥላው እንጂ በመልኩ አይለዩም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይዘው የተስፋነህን ልፍለፋ ሲያዳምጡ ቆዩና ልጃቸውን ጠየቁ።

«ይኸ የሚስቀው ልጅ የማን ነው?»

«ተስፋነህ ይባላል እማዬ። ጎሚስታ ነው።»

«ሥራውን አይደለም የጠየቅሁሽ። የማን ልጅ?»

«የይርጋ።»

የእማማ አሰለፈች እጅ ከነብርጭቆው ቆመ። ይርጋ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ከአባታቸው ጋር በመሬት ተጣልቶ አንድ ጠዋት ጉናን ተሻግሮ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ይኸው አርባ ዓመት። ደሳለች ይህን ታሪክ ለተስፋነህ ደጋግማ ነግራዋለች፤ እናቷ በየዓመት በዓሉ ለአጎቷ አንድ እንጀራ ለይተው ሲያስቀምጡ ነው ያደገችው።

«የየትኛው ይርጋ?» አሉ እማማ፤ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው።

ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ለተስፋነህ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ውጦ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ምላሱ ከራሱ ይቀድማል።

«የትኛው ይሆናል እማማ? ያ በጉና በኩል ወጥቶ የቀረው ነዋ! አንቱን ፍለጋ መጥቼ ነው እንጂ ይህን የገማ ጎማ ምን አስታቀፈኝ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ደሳለችም አፏን ይዛ ሳቀች። እማማ አሰለፈች አልሳቁም።

«ማል» አሉት።

«ኢየሱስን!» አለ ተስፋነህ። በደብረ ታቦር ኢየሱስ ታቦት ማለቱ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ይምልበታል፤ «ይኸ ጎማ ዓመት ባይሄድልህ፣ ኢየሱስን!» ይላል፤ ጎማው በሳምንቱ ይተነፍሳል።

እዚህች ላይ ነው ሰውዬው ገደል የገባው። እማማ አሰለፈች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ በእጃቸው ፊቱን ዳሰሱት፤ አንገቱን ስመው አሸተቱት፤ «ሳቁን! የወንድሜን ሳቅ ይዞት መጣ!» ብለው አለቀሱ። ከአንገታቸው ወልቆ የማያውቀውን የእንጨት መስቀል አውልቀው አንገቱ ላይ አሰሩለት። ተስፋነህ «እማማ፣ ጨዋታ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ደሳለችን አያት። ደሳለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ በራሷ «ተው» አለችው። እናቷን በደስታ ሲያለቅሱ ከስንት ዘመን በኋላ ማየቷ ነበር። ነገ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን ተባባሉ። በማግስቱ ማለዳ ግን እማማ ሕክምናውን ትተው፣ ምሥራቹን ለዘመድ ለማድረስ ገሳይ በምትሄድ መኪና ተሳፍረው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በመጣው መኪና ሁሉ ለተስፋነህ እሽግ ይመጣለት ጀመር። አንድ ጊዜ በሶ፣ አንድ ጊዜ ድንች፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጃቸው የፈተሉት ጋቢ። «ለወንድሜ ልጅ» እያሉ ነው የሚልኩት። በስሙ የተላከ እሽግ ደርሶት አያውቅምና ተስፋነህ በሶውን በላ፤ ጋቢውንም ለበሰ። መናገሩን ከሳምንት ሳምንት አስተላለፈው። ኅዳር ላይ እማማ አሰለፈች ሞቱ።

ደሳለች ከቀብር ጥቁር ለብሳ ተመለሰችና ጎማ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ስትሞት ምን እንዳለች ታውቃለህ? ‹ብቻሽን አይደለሽም፤ ደብረ ታቦር ወንድም አለሽ› አለችኝ። አጎቴ በላይነህ ሰምቷል። ቄሱ ሰምተዋል። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሰምቷል።»

«ጨዋታ መሆኑን አልነገርሻቸውም?»

«ነፍሷ ልትወጣ ለምታጣጥር እናት?» አለችው።

ተዝካሩ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ መኪና በሌለበት፣ አንድም የሚስቅ ሰው በሌለበት፣ ሻይ ቤቷ ገብቶ ቆቡን አወለቀ። «ደሳለች፣ ሰው የለም፤ የሚያጨበጭብ የለም። አግቢኝ» አላት። ደሳለች አልሳቀችም። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃ አወረደች፤ መልሳ ጣደችው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በሌለበት ምነው አላልከኝ?» አለች፤ ድምፅዋ እየተሰበረ። ቆይታ ደግሞ «ሽማግሌ ላክ» አለች። ተስፋነህ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ የሚመልሰው ቀልድ ጠፋው።

ሁሴን ሁለት ሽማግሌ ጨምሮ ገሳይ ሄደ። የደሳለች አባት በሕይወት የሉም፤ ቤቱን የሚያዙት የእናቷ ታናሽ ወንድም አያ በላይነህ ናቸው። ይርጋ ሲጠፋ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩና የወንድማቸውን መልክ አያስታውሱም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ቃላቸውን ሲናገሩ ደስ ብሏቸው ሲሰሙ ቆዩ። የሚያስለምነው ሰው ስም ሲጠራ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እናንተ ሰዎች አብዳችኋል? ወንድምን ለእህት ልትለምኑ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት?»

ሁሴን ተመልሶ ይህን ሲነግረው ተስፋነህ የጀመረውን ጎማ ጥሎ በመጀመሪያዋ መኪና ገሳይ ወረደ። አያ በላይነህ በር ላይ አቅፈው ሳሙት፤ «የወንድሜ ልጅ» እያሉ ወንበር አቀረቡለት። እሱ አልተቀመጠም።

«አያ በላይነህ፣ ጨዋታ ነበር። እኔ የእናንተ ይርጋ ልጅ አይደለሁም።»

«ምለህ የለም?»

«ስጫወት ነው የማልኩት።»

«በኢየሱስ ነው የምትጫወት?» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እሽ ይሁን፣ ጨዋታ ነው እንበል። እንግዲያ የየትኛው ይርጋ ልጅ ነህ? ቁጠርልኝ።»

«ተስፋነህ» አለ። «ይርጋ» አለ። ከዚያ ወዲያ የለም። በግድግዳው ጥግ የተቀመጡት የጎረቤት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

«እየው ልጄ» አሉ አያ በላይነህ። «ንስሐ አባቷም እንደኔ ነው የሚሉት። እስቴ ሂድና አባትህ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አንድ ሰው አምጣልኝ። አንድ ብቻ። ያን ጊዜ እኔው ራሴ እድርልሃለሁ።»

ተስፋነህ ጎማ ቤቱን ቆልፎ እስቴ ገባ። ሃያ ዓመት ያልረገጠውን ቀበሌ ከበር በር ዞረው። የእናቱ ጎጆ የነበረበት ቦታ ጌሾ ተተክሎበታል። «የይርጋን አገር የሚያውቅ አለ?» ብሎ ያልጠየቀው ሽማግሌ የለም። ይርጋን ከሚያውቁት አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ስሙን እንጂ ሌላ አያውቁም። በአምስተኛው ቀን፣ ሊመለስ ሲል፣ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ጃጅተው የተኮራመቱ ሰው አሳዩት። አያ ታደሰ ይባላሉ። የይርጋን ስም ሲሰሙ ጥርስ የሌለው አፋቸው በሳቅ ተከፈተ።

«ይርጋን! እንዴት አላውቀው? እንደሱ ያለ ተጫዋች ይህች አገር አላየችም! ሴቱን ሁሉ ሲያስቀው፣ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ የዚያ አገር ልጅ ነሽ ሲል ውሎ…»

ተስፋነህ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ከየት ነበር የመጣው፣ አያ ታደሰ?»

«እሱን ብቻ አትጠይቀኝ!» ሽማግሌው ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። «ሁላችንም ጠይቀነዋል። የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ‹እኔ የሚስቴ አገር ሰው ነኝ› ይላል። እናትህን ካገባ በኋላ እንኳ ስንጠይቀው በጣቱ እሷን እያሳየን ‹ይኸው አገሬ!› ይል ነበር።»

ተስፋነህ ይህችን ቀልድ ራሱ የፈጠራት ይመስለው ነበር። ምናልባት እናቱ በልጅነቱ ነግራው ይሆናል፤ ምናልባትም ያለማንም ነጋሪ በደሙ መጥታ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። የሽማግሌውን እጅ ያዘ። «ከጉና ማዶ ነው ብሎ አያውቅም? ገሳይ የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም? የታቦት ስም፣ የወንዝ ስም፣ የአንድ ሰው ስም…»

«ከጉና ማዶም ይሆናል። ከዓባይ ማዶም ይሆናል። ልጄ፣ እኛ ሳቅን፤ ከሳቅን በኋላ ማን መልሶ ይጠይቀዋል?»

የአባቱን መቃብር በግምት አሳዩት፤ ድንጋዩ ተበትኗል። ተስፋነህ እዚያ ቆሞ ሲያለቅስ ሰው እንዳይሰማው አፉን በእማማ አሰለፈች ጋቢ አፈነ። ከዚያ ተቆጣ። «ምናለ!» አለው መቃብሩን፣ «ምናለ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ የቁም ነገር ብትናገር!» ይህን ሲል ግን የሰማው የራሱን ድምፅ ነበር። ደሳለች ሳቅህ የእስቴ ሰው ሳቅ አይደለም እንዳለችው ያኔ ትዝ አለው።

ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ በመኪና ውስጥ ሰባት ስም አዘጋጀ። ጥሩ ጥሩ ስሞች፤ አንዱን ቀኝ አዝማች አድርጎታል። ደሳለች ሻይ ቤቷን ዘግታ ትጠብቀው ነበር። ከፊቱ አነበበችው መሰለኝ፣ ሳይቀመጥ ጀመረች።

«ለእነሱ ዋሽላቸው። ሰባት ስም ለአንተ ምን ይገድሃል? አንድ አረቄ የሚወድ ሽማግሌ ከእስቴ አምጥተህ አስመስክር፤ እኔም አዎ እላለሁ። ለእኔ ግን፣ ለእኔ ብቻ፣ እውነቱን ንገረኝ። ወንድሜ ነህ?»

«አላውቅም» አለ።

ደሳለች አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አለች። «አይደለሁም በለኝ» አለችው። «እባክህ። በለኝና ልመንህ።»

«አይደለሁም።»

«ማልልኝ።»

«ኢየሱስን!» አለ። ያች ቃል ልክ እንደዚያች እንደ ግንቦቷ ቀን ሆና ከአፉ ወጣች፤ ያው ድምፅ፣ ያው ዜማ፣ ያው ፍጥነት። ሁለቱም ሰሟት። ሌላ ዓይነት መሐላ አልነበረውም፤ ያለችውን አንዲቱን በጎማና በሳቅ ጨርሷታል። ደሳለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ምን ላድርግ? እኔ ምን ላድርግ? አጠገብህ በተኛሁ ቁጥር እናቴ ወንድምሽ ስትለኝ እየሰማሁ እንዴት እኖራለሁ?» እያለች አለቀሰች። እሱ ሊያቅፋት እጁን አነሣ፤ እንደ ምን ሆኖ እንደሚያቅፋት ግራ ገባውና መልሶ አወረደው።

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደሳለችን አንዱአምላክ የሚባል የአንበሳሜ መምህር ጠየቃት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እስከ ሰባት ቤት አይደለም እስከ ዘጠኝ ይቆጥራል። እሷም ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል። እሽ አለች። ሠርጉ በጥር ገሳይ እንዲሆን ተቆረጠ። አያ በላይነህ ራሳቸው ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው ተስፋነህን ያዙት። «የእህቴ አደራ አለብህ፤ ወንድም እያላት በር የሚይዝላት ሰው አትጣ» አሉት። ተስፋነህ እምቢ የሚልበት ቃል አጣ፤ እምቢ ቢልስ ምን ሆኖ ነው እምቢ የሚለው?

የሙሽሮቹ መኪና ከደብረ ታቦር ነበር የተያዘችው። በሠርጉ ቀን ማለዳ ሾፌሩ አበባና ሪባን አስሮባት ጎማ ቤቱ ደጅ አቆማት። ተስፋነህ አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አየ፤ የቸርኬዎቹን ብሎን አጠባበቀ፤ ልኩን ነፋ። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ በዚያችው መኪና ገሳይ ሄደ።

ሰርገኛው በአውቶቡስ ሲደርስ ተስፋነህ የእማማን ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ የዳሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንደ ወጉ በሩ ተይዟል፤ የገሳይ ሴቶች ከውስጥ፣ የአንበሳሜ ወንዶች ከውጭ ሆነው ነገር ይወራወራሉ።

«እናንተ የአንበሳሜ ወንዶች፣ ከአንበሳው ስሙን ብቻ ነው የወረሳችሁት?»

«ጉና ላይ በርዷችሁ ስትንቀጠቀጡ ሰምተን ልናሞቃችሁ መጣን!»

«ማሞቁን የት አውቃችሁ! ከብርዱ የእናንተ ፊት ይብሳል!»

ሳቁ ዳሱን ሊገለብጠው ደረሰ። አንደኛው ሚዜ፣ ጎረምሳና አፈኛ፣ ወደ ተስፋነህ ዞረ። «ይኸስ ከዘራ ታቅፎ በር ላይ የተገተረው ማን ነው? ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ የየት አገር ሰው ነህ? ለሙሽራዋስ ምኗ ነህ?»

ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ያንን አገር በሳቅ የገደለው የደብረ ታቦሩ ተስፋነህ አሁን ሊናገር ነው። አያ በላይነህ ከወዲሁ ፈገግ ብለዋል። ተስፋነህ ዞር ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ደሳለች ፊቷን በነጭ ሸፍና በሴቶች መሀል ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ያልከዳው ምላሱ ያን ሰዓት ከዳው።

«አላውቅም» አለ።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሚዜው ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ወይ ተስፋነህ!» እያሉ አያ በላይነህ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እውነቴን ነው» አለ ተስፋነህ፣ «አላውቅም። ምኗ እንደ ሆንኩ አላውቅም!» ሳቁ እጥፍ ሆነ። በውስጥ በኩል የደሳለች ትከሻ በነጩ ጨርቅ ስር ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አጠገቧ ያለችው ሴት «ኧረ እዩ፣ ሙሽራዋ ራሷ በሳቅ ሞተች!» ብላ እልል አለች።

ተስፋነህ ከዘራውን አንሥቶ በሩን ለቀቀ። ሙሽሮቹ በልተው፣ ተመርቀው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያችው በአበባ መኪና ወደ አንበሳሜ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጠጠር ነው፤ ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ጎማ ሳይተነፍስ የሚያልፍ መኪና ጥቂት ነበር። ተስፋነህ ገሳይ መውጫ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ መንገዱን ሲያይ ቆየ። ጎማዋ ተንፍሶ የቆመች መኪና አለች ብሎ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ማለዳ ጎማዎቹን ሲነፋ ደህና አድርጎ ነበር የነፋቸው።